ለቴአትር ክበባችን ልጆች፦ በሬን ስላንኳኳችሁ

ትናንት ማታ መጋረጃው ሲዘጋ ሳለቅስ ያያችሁኝ “ምን ሆነሽ ነው?” ብላችሁኝ ነበር። ያኔ መናገር አቃተኝ። አሁን ልንገራችሁ።

ያለፈውን ሴሚስተር ዶርም ውስጥ ተኝቼ ነው የጨረስኩት። ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ቀን ደግሞ መነሳት የለም። ቤተሰብ ሲደውል “ፈተና ደርሶብኝ ነው” እላለሁ። ድባቴ እንደሚባል ያወቅኩት በኋላ ነው።

የዶርም ጓደኛዬ፣ መጀመሪያ የማመሰግነው አንቺን ነው። “መድረክ ላይ ተውኚ አላልኩሽም። ልምምድ ላይ የቴአትሩን ጽሑፍ ይዘሽ ተቀመጪና ቃል ሲጠፋብን አስታውሺን” አልሽኝ። “ነይ ተዝናኚ” ብትዪኝ ኖሮ አልመጣም ነበር። ሥራ ስለሰጠሽኝ መጣሁ። አንዱ ተዋናይ ቃሉ ጠፍቶት ዓይኑን ወደ እኔ ሲያዞር፣ ከስንት ወር በኋላ የሚፈልገኝ ሰው አገኘሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ከልምምድ ቀረሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ በሬ ተንኳኳ። አራታችሁም ቆማችኋል። “አንቺን እየጠበቅን ነው።” ክፍል ሳልገባ ስከርም ግን ማንም ልብ አላለኝም። በዚያ ሁሉ ተማሪ መሃል ማን ማንን ያያል?

መምህር፣ እርስዎንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ወለሉ ላይ በጀርባችን ተኝተን፣ እጃችንን ሆዳችን ላይ አድርገን፣ እስከ 4 እየቆጠርን አየር ስንስብ፣ እስከ 8 እየቆጠርን ስናስወጣ ለድምፃችን ብቻ መስሎኝ ነበር። ትንፋሽን ቀስ ብሎ ማስወጣት የልብ ምትን እንደሚያረጋጋ ኋላ ተረዳሁ። አሁን ፈተና ከመግባቴ በፊት በር ላይ ቆሜ እሠራዋለሁ።

እህቷን ያጣችዋን ልጅ እንድተውን ሲሰጡኝ ፈርቼ ነበር። በራሴ ስም ማልቀስ አቅቶኝ የከረምኩት ሰው፣ በሷ ስም አለቀስኩ። “በቃ፣ በርቺ” ብሎ ያቋረጠኝ የለም። ልምምድ ሲያልቅ ደግሞ የሷን ሹራብ አውልቄ፣ አጥፌ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ የራሴን ስም ጮክ ብዬ እንድጠራ ያደርጉኝ ነበር። ሐዘኗን ይዤ ዶርም እንዳልገባ ነው። ያቺ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ለእኔ ግን ትልቅ ነበረች።

“መድረክ ሐኪም አይተካም” ብለው እስከ አማካሪዋ ቢሮ የሸኙኝም እርስዎ ነዎት። አማካሪዬ፣ ስለ ልምምዱ ስነግርሽ አልገረመሽም። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ያኮብ ሞሬኖ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ቪየና ውስጥ ሰዎች ችግራቸውን ከማውራት አልፈው እንዲተውኑት ያደርግ እንደነበር አጫወትሽኝ። የኛው ልምምድ ሕክምና እንዳልሆነ፣ ለሕክምናው ግን አፌን እንደፈታልኝ ያስረዳሽኝ አንቺ ነሽ። በየሳምንቱ ስለሰማሽኝ እግዜር ይስጥልኝ።

መብራትና ድምፅ ላይ የነበራችሁ፣ ወንበር የደረደራችሁ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ከእኛ ኮሪደር አንዲት ልጅ በሯን ዘግታ ከርማለች። ሰኞ ለልምምድ ይዣት ለመምጣት እሞክራለሁ። እሺ ካለችኝ ጽሑፉን እሷ ትያዝልን።