ለ11ዱ ፑድሎች ቤት ለሆናችሁ ሁሉ

ሰላም ወገኖቼ። ትናንት የውሻችን የቡላ የመረከቢያ ወረቀት ተፈረመ። ከታደግናቸው 11 ፑድል የሚባሉ ውሾች ቤት ሳታገኝ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች፤ አሁን እሷም አገኘች። ይህን ምስጋና ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ ከነገ ወዲያ እያልኩ ይቀራል ብዬ፣ ከማታ ፈረቃ እንደገባሁ ሳልተኛ ተቀመጥኩ። ከረዘመ ይቅርታ። የማመሰግነው ሰው ብዙ ነው።

ታሪኩን ላልሰማችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የተጎዱና ባለቤት ያጡ ፑድሎችን ከሚታደጉ በጎ ፈቃደኞች ጋር መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። በየካቲት አንድ ሐሙስ ማታ ስልክ ተደወለ። ፔንሲልቬኒያ ገጠር ውስጥ ቡችላ እያራባ የሚሸጥ ሰው ሥራውን ሊዘጋ ነው፣ 11 ፑድሎች ቀርተውታል፣ እስከ ቅዳሜ ካልወሰዳችኋቸው የራሴን መላ እፈልጋለሁ ብሏል ተባልን። መላው ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ማናችንም አልደፈርንም።

ቅዳሜ ሄድን። ጎተራ ውስጥ ነበሩ። የሽቦ ኬጅ በኬጅ ላይ ተደርቦ፣ የላይኛው ሽንት በታችኛው ላይ እየተንጠባጠበ። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ሕግ የለም እንዳትሉ፣ በፈረንጆቹ 1966 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። ግን ደንቡ ለአንድ ውሻ የሚጠይቀው ትንሹ ቦታ ምን ያህል መሰላችሁ? በየጎኑ ከውሻው ርዝመት በ6 ኢንች የሚበልጥ ወለል፣ በቃ። ትርፉ ስንዝር እንኳ አይሞላም። እዚያ ውስጥ ነው የወለዱት፣ ያጠቡት፣ ቡችሎቻቸው የተወሰዱባቸው፣ ከዚያ እንደገና የወለዱት። እንደኔ እንደኔ ይሄ ደንብ የሚጠብቀው ሻጩን እንጂ ውሻውን አይደለም።

ፑድልን በፎቶ ብቻ ለምታውቁት ደግሞ አንድ ነገር ላስረዳ። ፀጉሩ እንደ ሌላው ውሻ ብዙ አይረግፍም። እንደ ሰው ፀጉር ዝም ብሎ ያድጋል። ቶሎ ቶሎ ካልተበጠረና በየ4 ወይም በየ6 ሳምንቱ ካልተቆረጠ እርስ በርሱ ይያያዝና እንደ ባና ይጠብቃል። ድሮ የአደን ውሻ ነበር፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ የተመታ ዳክዬ የሚያወጣ፤ ስሙም ራሱ ውሃ መንቦጫረቅ ከሚል የጀርመንኛ ቃል የመጣ ነው። ያ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ከቀዝቃዛ ውሃ እንዲጠብቀው ነው የተሰጠው። እነዚህኞቹን ግን ያው ፀጉር እስር ቤት ሆነባቸው። በተራመዱ ቁጥር ቆዳቸውን ይጎትታል። የአንዱ ጆሮ ከአንገቱ ጋር ተጣብቆ ነበር። ከሥሩ ቁስል ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን ከዚያች ቅዳሜ ልጀምር። ቫኑን ይዞ የመጣው ወንድማችን፣ ቅዳሜ ለታክሲ ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የቀን ገቢህን ትተህ፣ በገዛ ነዳጅህ ሄደህ፣ ግማሾቹ ወንበርህ ላይ ሲያስመልሱ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ቀስ እያልክ ነዳህ። ሬዲዮውን እንኳ አልከፈትክም፣ እንዳይደነግጡ ብለህ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ፀጉራቸውን የቆረጠችላቸው እህታችን ደግሞ እሁድ ከቅዳሴ ወጥታ ሱቋን ከፈተች። ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ቆማ ሠራች። ማሽኑ አልገባ ብሎ ሁለት ጊዜ ምላጭ ቀየረች። ከቡላ ላይ ብቻ የተነሳው ፀጉር አንድ ትልቅ ፌስታል ሞላ፣ ከውስጡ የወጣችው ውሻ ደግሞ ድመት አታክልም። ራቁቷን ስትንቀጠቀጥ እህቴ ሮጣ ከመኪናዋ ጋቢዋን አምጥታ ጠቀለለቻት። ጋቢውን አጥቤ ልመልስ ብል አልቀበልም አለችኝ። አሁንም ቡላ የምትተኛው በሱ ላይ ነው።

ሕክምናው ከባድ ነበር። ክትባቱ፣ ማምከኑ፣ ከቆዳ ሥር የሚገባው መለያ ማይክሮችፕ እንኳ ይሁን፣ የጠበቅነው ነው። ጥርሳቸው ግን በስብሶ ነበር። ትናንሽ ፑድሎች ድሮም ጥርሳቸው ደካማ ነው፣ እነዚህ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ያየላቸው የለም። ከዚያ በላይ ሦስቱ የልብ ትል ተገኘባቸው። ትንኝ የምታስተላልፈው በሽታ ነው፤ በወር አንድ ክኒን መከላከል ይቻል ነበር፤ አንዴ ከያዘ ግን መድኃኒቱ በመርፌ ወገብ ጡንቻ ውስጥ ነው የሚሰጠው፣ ከዚያም ትሉ ሞቶ እስኪጠፋ ለወራት መሮጥም መዝለልም ክልክል ነው። ሒሳቡ ሲመጣ እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። እናንተ ግን አልተቀመጣችሁም። ዕቁብ የደረሳት አንዲት እህት ከደረሳት ላይ ቆንጥራ ላከች። የልደቴን ስጦታ በገንዘብ ስጡኝ ብላ ያመጣች የ9 ዓመት ልጅ አለች። 5 ዶላር ልካችሁ ‹ትንሽ ስለሆነ ይቅርታ› ያላችሁኝም አላችሁ፤ እባካችሁ እንደሱ አትበሉ። ክፍያውን ከፋፍለው የተቀበሉን ዶክተርና ረዳቶቻቸውንም ከልብ አመሰግናለሁ።

እማዬ። እናቴን ሳላመሰግን ይሄ ጽሑፍ አይሞላም። ከደብረ ብርሃን የመጣች ሰው ናት። አገር ቤት ውሻ ከግቢ አልፎ ቤት አይገባም፣ ጸሎት የሚደረስበት ቤት ውስጥማ ጭራሽ። አራት ውሾች ልናሳድር ነው ስላት ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ልክ ናት፣ ቤቷ ነው፣ እምነቷም ነው። ምድር ቤት አደረግናቸው፣ የጸሎቷን ክፍል ዘጋን፣ ተስማማን። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስገባ ምድር ቤት ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ቡላ እህል አልቀምስ ብላ ጥግ ይዛ ነበር። እማዬ ያለ ጨው የተቀቀለ ዶሮ በጣቷ እየቆረሰች፣ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ እጇን ዘርግታ ቁጭ ብላለች። ‹ይቺ እኮ ወላድ ናት፣ አንድ ቀን ሳትታረስ የኖረች ወላድ› አለችኝ። ያን ቀን ነው ቡላ የበላችው። ነጭ ስለሆነች ቡላ ብላ ስም ያወጣችላትም እማዬ ናት፤ እስከዚያ አንገቷ ላይ 27 የሚል ቁጥር ብቻ ነበር። ሌሎቹም በዚያው ኑግ፣ ጤፍ፣ ቆሎ እየተባሉ ወጡ።

ቡላ ድምፅ አልነበራትም። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቀን ጮኻ አታውቅም። እማዬ ‹ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፣ ይቺ ግን ገና ቤቴ ነው አላለችም› እያለች ታዝንላት ነበር።

ውሾቹን የወሰዳችሁ ቤተሰቦች ሆይ። አብዛኞቹ አሜሪካውያን ስለሆኑ ለነሱ በእንግሊዝኛ ለየብቻ ጽፌያለሁ፤ ኑግና ጤፍ ካልተለያዩ ብለው ሁለቱንም የወሰዱትን ጡረተኛ አስተማሪ ግን እዚህም ሳላነሳ አላልፍም። ያገሬ ልጆች፣ እናንተን ደግሞ ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ። ቅጽ ሙሉ፣ የአከራይ ደብዳቤ አምጡ፣ ቤታችሁን መጥተን እንይ ስንላችሁ ለኛ ሰው እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። አንድ ጋሼ ‹ልጆች ሳሳድግ ማንም መጥቶ አላየኝም› ብለው ስቀው፣ ለማየት የሄደችውን ፈረንጅ ቡና እስከ በረካ አጠጥተው ሸኟት። አልፈው ነው የተረከቡት፣ በደንብ።

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ያላችሁት የቆሎ ቤተሰብ፣ ልጃችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል የሚያጠናው ለሱ እያነበበ መሆኑን ስሰማ ደስታዬን አልቻልኩትም። ደረጃ መውጣት ይፈራ የነበረ ውሻ ነው። ሣር ላይ ስናስቀምጠው እግሩን እንደ ትኩስ ነገር ያነሳ ነበር፣ ከሽቦ በቀር ረግጦ ስለማያውቅ። ወጥ ስለ መስጠት ስላነሳችሁብኝ ነገር ደግሜ ላስታውስ፤ በፍጹም አትስጡት። ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ለውሻ መርዝ ነው፣ ዘቢብም እንዲሁ። ፍቅር ከሆነ ዶሮ ቀቅሉለት።

ቀብድ ከፍለው የነበሩት ባልና ሚስትም አሉ። ሜሪላንድ ከ2020 ጀምሮ ሱቆች ቡችላ እንዳይሸጡ ከልክላለች፣ በኢንተርኔት ግን አሁንም ይሸጣል። እነሱም ከዚያ ነበር ሊገዙ ያሰቡት። ሻጩን እናቲቱን አሳየን ሲሉት እምቢ አለ። ቀብዳቸውን ትተው እኛ ጋ መጡ፣ የልብ ትል የነበረባትን አንዷን ገና መርፌዋን ሳትጨርስ ወሰዱ። ያን ጥያቄ ስለጠየቃችሁ አመሰግናለሁ። ሁሉም ገዢ ቢጠይቅ ያ ጎተራ አይኖርም ነበር።

አንዲት እህቴን ደግሞ ስሟን ሳልጠራ ማመስገን አለብኝ። ውሻውን ወስዳ በሁለተኛው ሳምንት እያለቀሰች መልሳ አመጣችው። የልጇ አስም ተነሳ። ፑድል አለርጂ አያመጣም ሲባል ሰምታ ነው፤ ፀጉሩ ስለማይረግፍ ለብዙ ሰው ይሻላል እንጂ ከቆዳውም ከምራቁም የሚነሳ አለ፣ ጭራሽ አያመጣም የሚባል ውሻ የለም። ይህን አስቀድመን አጥብቀን መንገር የነበረብን እኛ ነን። እህቴ፣ አላሳፈርሽንም። ለማታውቂው ሰው አሳልፈሽ ሳትሰጪ፣ መንገድ ላይ ሳትተዪ፣ ምግቡንና አልጋውን ይዘሽ በሩ ድረስ አመጣሽው። ያ ውሻ በ10 ቀኑ ሌላ ቤት አገኘ፣ አልጋውም ያው ያንቺ አልጋ ነው።

ወደ ቡላ ልመለስ። 9 ዓመቷ ነው ተብሏል፣ አንድ ዓይኗ በሞራ ተሸፍኗል፣ ጥርስ የላትም ማለት ይቻላል። ሰባት ወር ሙሉ ስለሷ አንድም ሰው አልጠየቀም። ነሐሴ ላይ ታኮማ ፓርክ የሚኖሩ አንዲት እትዬ ደወሉ። ‹አሮጊቷን ነው የምፈልገው፣ እኔም ቀስ ብዬ ነው የምሄደው› አሉኝ። ሁለት ሳምንት ለሙከራ ወሰዷት። በየማታው የልጅ ልጃቸው ቪዲዮ ይልክልኛል፤ ቡላ ረከቦቱ አጠገብ፣ ቡላ ጋቢዋ ላይ፣ ቡላ እትዬ እግር ሥር።

ትናንት ወረቀቱን ላስፈርም ሄድኩ። ሰባት ወር በእጄ ያበላኋት፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ የሰጠኋት፣ ሌሊት ሲያማት አብሬያት ያደርኩ ሰው ነኝ። በሩን አንኳኳሁ። ከውስጥ ቀጭን፣ የተሰነጠቀ፣ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ መጣ። እትዬ በሩን ከፈቱ። ቡላ እግራቸው ሥር ቆማ፣ አንድ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ፣ እየጮኸችብኝ ነበር።