ስለ ጋላክሱ ጉዞ

ውድ የመሰንቆና የክራር ቡድናችን አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ።

በነሐሴ ወደ ጋላክስ፣ ቨርጂኒያ መሄዳችን ቁርጥ ሆኗል። መኪና ያላችሁ ስንት ሰው እንደምትይዙ እስከ እሑድ አሳውቁኝ።

የጋላክሱ የፊድል (የባህል ሙዚቃ የሚጫወቱበት ቫዮሊን) ውድድር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1935 ጀምሮ የሚካሄድ ነው፤ ቦታው ፌልትስ ፓርክ ነው። ታዲያ መድረኩ ላይ ብቻ እንዳታፈጡ። እውነተኛው ጨዋታ ያለው ከኋላ፣ በድንኳኖቹ መካከል ነው። ፊድል፣ ባንጆ (ቆዳ የተወጠረበት ባለ ክር መሣሪያ)፣ ጊታርና ቤዝ የያዙ ሰዎች ፊት ለፊት ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አንዱን ዜማ አሥር ደቂቃ ሙሉ ይመላለሱበታል። ብሉግራስ እንደሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ስልት ተራ ጠብቆ ለብቻ መራቀቅ የለም፤ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚገሰግሰው።

ክራር የምትጫወቱ የባንጆውን ሰው ቀኝ እጅ ልብ በሉ። ጣቶቹን አጥፎ ክሩን በጥፍሩ ወደ ታች ይመታና አውራ ጣቱ አጭሯን አምስተኛ ክር ጠቅ ያደርጋል። ባንጆ ሥሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው፤ በባርነት የተጋዙት ሰዎች ቅል ላይ ቆዳ ወጥረው ይሠሩት ነበር። እኔን ወደዚያ የሚጎትተኝም ይኸው ነው።

ታጣፊ ወንበርና የዝናብ ልብስ አትርሱ። አምና የመሰንቆዬ ቆዳ ዝናብ ነክቶት ረገበና ድምፁ እንደ ጉንፋናም ሰው ሆኖብኝ ዋለ፤ ፕላስቲክ ያዙለት። ክቡ ውስጥ ለመግባት ደግሞ ዜማው እስኪያልቅ ጠብቃችሁ ጠይቁ። አይከለክሏችሁም።