በረዶና ውርጭ በሕፃናት መጻሕፍት፦ ለሰሜን ሸዋ ዞን ትምህርት መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፣

በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በልግስና ከውጭ የመጡ የሕፃናት ሥዕል መጻሕፍት አሉ። ስለ በረዶ ጨዋታ የሚተርኩም አይጠፉባቸውም። ልጆቹ የበረዶ ሰው ሠርተው ካሮት አፍንጫ ይተክሉለታል፣ ቁልቁል ይንሸራተታሉ፣ በበረዶ ድብልብል ይወራወራሉ። «ለእኛ ልጆች ምን ይረባል? ይነሳ» የሚሉ መምህራን አጋጥመውኛል። እኔ ይቆይ ባይ ነኝ።

የደብረ ብርሃን ልጅ እኮ ለብርድ እንግዳ አይደለም! ከተማችን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል፣ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት የሚያስቀር ደመና የለም። ሌሊቱን ውርጭ ይመታል። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ልጆች እየረገጡ ሲያንኮሻኩሹት ደስ ይላቸዋል፤ ባቄላ የዘራ አባት ግን አንጀቱ ያርራል። ክረምት ላይ በረዶ ሲጥል ደግሞ ሮጦ ወጥቶ ለቅሞ የማይበላ ልጅ ማን ነው? ስለዚህ ሥዕሉ ይገባቸዋል። የሚያስቀናቸው የልጆቹ ጓንትና ቦት ጫማ ነው።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ይህ የእኛ ብርድ በአማርኛ የሕፃናት መጽሐፍ ውስጥ የት አለ? «የ13 ወር ጸሐይ» ያለን ሰው ጣርማ በር ላይ ጉም ይዞት አያውቅም መሰለኝ።

የምጠይቃችሁ ከእነዚያ መጻሕፍት ጎን የሚቀመጡ፣ በየገጹ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያላቸው ቀጫጭን መጻሕፍት እንድታዘጋጁ ነው። መንዝ ብቻውን ስንት ታሪክ ይወጣዋል! በርኖስ ለብሶ በግ የሚጠብቅ ልጅ አለ። ጓሳ ላይ ሣር የሚግጡ፣ ሲመሽ ገደል ወርደው ተቃቅፈው የሚያድሩ ጭላዳዎች አሉ። አይጥ የሚያድነው ቀይ ቀበሮም አለ። ብርዱን ግን አታሳምሩት። እጁ የተሰነጣጠቀ ልጅም ይሳል።

ሥራው በመምህራን መካከል በሚደረግ የጽሑፍና የሥዕል ውድድር ሊጀመር ይችላል። የመጀመሪያው ረቂቅ ሲደርስ ለአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ይነበብላቸው። ካልሳቁ ወይም ካልጠየቁ ለኅትመት አትቸኩሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የተማሪ እናት፣ ደብረ ብርሃን