ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮና ለአስተዳደሩ ምክር ቤት፦ ቤተሰባችንን የሚያውቅ ሐኪም በጀት ይያዝልን

ክቡራንና ክቡራት፣

ሐምሌ 1 ለሚጀምረው የበጀት ዓመት ረቂቁ በሚዘጋጅበት በዚህ ሰሞን የምጽፍላችሁ፣ በጀት ከጸደቀ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ መልሱ «ለከርሞ» እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። ሳቢያን ነው የምንኖረው። ወር በወር የምንሄድበት ጤና ጣቢያ ስሙ ይቆየን፤ ችግሩ የእሱ ብቻ አይደለም። ካርዷ ለሁለተኛ ጊዜ ጠፍቶ «አዲስ አውጡ» በተባልን ቀን የተማሪ ደብተር ገዝቼ ቀኑን፣ የግፊቷንና የስኳሯን ቁጥር፣ ያያትን ባለሙያ መጻፍ ጀመርኩ። በ14 ወር ውስጥ 11 ሰው አይቷታል። አንዳቸውም አላመናጨቋትም፣ ይህን መመስከር አለብኝ። ግን ሁሉም የሚጀምሩት «እማዬ፣ ምንዎትን ነው ያመመዎት?» ብለው ነው። ጥር ላይ አንዷ የግፊት ኪኒኗን ቀየረችላት። የካቲት ላይ የተቀመጠው ልጅ ለምን እንደተቀየረ የሚነግረው ጽሑፍ ስላላገኘ ወደ ድሮው መለሰው። የድሮው እግሯን ያሳብጣት እንደነበር የተጻፈው እኔ ደብተር ላይ ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ የዚያን ዕለት ከሥራ መቅረት አልቻልኩም። በሳምንቱ ጫማዋ አልገባ አላት።

ጎረቤታችን ከሶማልኛ ሌላ አይናገሩም። ሕመማቸውን የሚያስተረጉምላቸው ከትምህርት ቤት የሚቀረው የልጅ ልጃቸው ነው። አንዲት ባልቴት ለወንድ ልጅ አፍ አውጥታ የማትነግረው ሕመም እንዳለ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ግቢ በሚሰማበት ከተማ፣ ሐኪሙ ሁለት ሦስት ዓመት ቢቆይ ቋንቋውን ይለምደው ነበር። ድሬ መጥቶ ሳይለምድ የቀረ ማን አለ?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ነን። መድኑ «መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ሆስፒታል» ይላል። ሥርዓቱን እደግፈዋለሁ። ነገር ግን በሩ ላይ የሚያውቀን ሰው ከሌለ፣ ሰው የሚሰለፈው ለመታከም ሳይሆን ሪፈር ለማጻፍ ይሆናል። ጤና ጣቢያ ሊያልቅ የሚችል ጉዳይ ሁሉ የሆስፒታሉን ወረፋ ያስረዝማል።

ከተማችን ደግሞ የትኩሳት ከተማ ሆናለች። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ደንጊ፣ በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ፣ በ2014 ዝናብ በሌለበት ወቅት ወባ። ከ2014ቱ ወባ ጋር የተገናኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለዋ ትንኝ በበርሜልና በሮቶ ውኃ ውስጥ ትራባለች። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል የሌለው ቤት የት ይገኛል? ሦስቱም በሽታዎች በትኩሳትና በቁርጥማት ስለሚጀምሩ መለየቱ ቀላል አይደለም፤ ስህተቱም ዋጋ ያስከፍላል። ደንጊ የያዘው ሰው ለቁርጥማቱ ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ቢሰጠው መድማት ሊባባስበት ይችላል። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የማን በርሜል ክዳን እንደሌለው ያውቃሉ። ሐኪሙ የሚያውቀው ፊቱ የተቀመጠውን በሽተኛ ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ ቡድን ሆነው የተወሰኑ ቤተሰቦችን ቢይዙ፣ ከአንድ ግቢ ሦስት ሰው ሲያተኩሰው ወሬው በዚያው ቀን ይደርስ ነበር።

«ገንዘብ የለም» መባሉ እንደማይቀር አውቃለሁ። የአፍሪካ መሪዎች በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል፤ ያ ቃል ዛሬም ሊጠየቅበት ይገባል። ግን ባለውም ቢሆን ድልድሉን እንየው። ካፒታል በጀት ሕንፃ ይሆናል፣ ይመረቃል፣ ይታያል። የሐኪም ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና የስኳር መለኪያ ስትሪፕ የሚገዛው ግን በመደበኛ በጀት ነው። እናቴ በሚያምር አዲስ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ «ስትሪፕ አልቋል፣ ከውጭ አስለኩ» ተብላለች። እኔ ለአንድ ዓመት አዲስ ሕንፃ ባይሠራ እመርጣለሁ።

ሐኪም አልጠፋም። ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ጠቅላላ ሐኪሞች አሉ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ሕክምና ያስተምራል። የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል። የጠፋው የሚያቆያቸው ነገር ነው። በ2017 ግንቦት የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በኑሮ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ሁላችንም አይተናል። የቤት ኪራይ ከፍሎ ወሩን መድረስ ያቃተውን ሐኪም «ቆይልን» ማለት አንችልም።

ስለዚህ የምጠይቀው በሁሉም ባይሆን በሁለት ጤና ጣቢያዎች እንዲጀመር ነው። በእያንዳንዳቸው ቢያንስ ሁለት ሐኪሞች ለሦስት ዓመት ውል ይግቡ፤ የቤት አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያቸው በመደበኛ በጀት ውስጥ በስሙ ተጽፎ ይያዝ፣ ዓመቱ ሲጋመስ ወደ ሌላ ርዕስ እንዳይዛወር። የቤተሰብ ካርድ ለአንድ ቤት አንድ ይሁንና በቤተሰቡ ሐኪም እጅ ይቀመጥ። ከሦስቱ ቋንቋዎች ሁለቱን የሚናገር ነርስ በየቡድኑ ይመደብ። ከየት ይጀመር ከተባለ፣ ሳቢያን ሳይሆን ከከተማው ዳርና ከገጠር ቀበሌዎቹ ይጀመር፤ እኛ ቢያንስ ባጃጅ እናገኛለን።

ረቂቁ ለውይይት ሲቀርብ የእናቴን ደብተር ይዤ እመጣለሁ። ማየት ለሚፈልግ የምክር ቤት አባል ገጽ በገጽ አሳያለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሳቢያን ነዋሪ
ድሬዳዋ