ከኮዬ ፈጬ፣ ለእህት ዓለሜ

እህት ዓለሜ፣ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? የባሕር ዳር ሙቀትስ?

ለእናትሽ አርባ አልመጣሁም። ደውዬ «ነፍስ ይማር» ማለት እንኳ አቅቶኝ፣ ዛሬ ነገ ስል ሰባት ወር አለፈ። ምክንያት አልደረድርልሽም። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ። መጥቼ ፊት ለፊትሽ ቁጭ ብዬ ልነግርሽ ነበር ሐሳቤ፤ አጣዳፊ ነገር ገጠመኝና ደብዳቤው ቀደመኝ።

ስካነርና ፕሪንተር ልገዛ ነው። አዎ፣ እኔ! እቁቡ ደርሶኝ ብሩ እጄ ላይ ነው፤ ሌላ ቀዳዳ ሳይጠራው እሁድ መገናኛ ወጥቼ መግዛት እፈልጋለሁ። አንቺ ይህን ሁሉ ዓመት መዝገብ ቤት ከነዚህ ማሽኖች ጋር ስትታገይ የኖርሽ ነሽ። ወረቀት ሲይዝባቸው በእርግጫ የምታስተካክይበትን ቀን አልረሳሁትም። ካንቺ ሌላ ማንን ልጠይቅ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ አሁን እኔ ጋ ነው፣ አራተኛ ፎቅ፤ ደረጃው ስለሚከብደው ብዙ አይወርድም። ባለፈው ወር የእማዬን የቆርቆሮ ሣጥን ስናራግፍ ከሥሩ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ደብዳቤ ወጣ። 31 ደብዳቤ። ሁሉም አባዬ ለእማዬ የጻፈላት ነው፣ በ1967 እና በ68፣ በእድገት በኅብረት ዘመቻ አርሲ ገጠር ሳለ። እሱ 12ኛ ክፍል ስለነበር ዘመተ፤ እሷ 9ኛ ነበረችና ቀረች። እማዬ እነዚህን ደብዳቤዎች በሕይወቷ አንድ ቀን አንስታልኝ አታውቅም።

አባዬ አንዱን ይዞ መስኮቱ ሥር ሄደ። አቀረበው፣ አራቀው፣ መነጽሩን አውልቆ እንደገና አቀረበው። ከዚያ «እስኪ አንቺ አንብቢልኝ» አለኝ። ሁለት መስመር እንዳነበብኩ «ተይው፣ ይበቃል» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ለሚስቱ የጻፈውን በልጁ አፍ መስማት ከበደው። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ነበር።

ፊደሉን አጉልቼ ላትምለት የተነሳሁት ያን ማታ ነው። ራሱ፣ ብቻውን፣ በራሱ ጊዜ እንዲያነበው።

መጀመሪያ በስልኬ አነሳሁት። ስልኩ ላይ ጥሩ ይመስላል፤ ሲጎላ ግን የመታጠፊያው ጥላ ፊደሉን ይውጠዋል፣ መስመሩም ይጣመማል። ቀጥሎ አንድ ኮፒ ቤት ወሰድኩት። ልጁ ሳያይ ክዳኑን ጫን ሲያደርገው የወረቀቱ እጥፋት ተሰነጠቀና ጥፍር የምታህል ቁራጭ ተገንጥላ መስታወቱ ላይ ቀረች። በምላሴ ጫፍ ያራስኩት ጣቴ ላይ አጣብቄ አነሳኋት። «ደህና ነኝ» ከሚለው «ደህ» እወረቀቱ ላይ፣ «ና» እጣቴ ላይ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤዎቹ ከቤት አይወጡም ብዬ ምያለሁ፤ ማሽኑ ነው ወደነሱ የሚመጣው። ወረቀት ከላይ እየሳበ የሚያነበውንም ዓይነት በነጻ ቢሰጡኝ አልፈልገውም። የምፈልገው ወረቀቱ ተጋድሞ የሚነበብበትን፣ ባለ መስታወቱን ነው።

አሁን ሁለት ሐሳብ ላይ ቆሜያለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽና ፍረጂ።

አንደኛው ሁሉን በአንድ የያዘው የኤፕሰን ባለ ታንክ፣ ኤል 3250 ነው። ቀለሙ ከጠርሙስ ይገለበጥለታል፤ ጥቁሩ ጠርሙስ 65 ሚሊ ሊትር ነው፣ ፋብሪካው 4,500 ገጽ ያትማል ይላል። እሱ ቢጋነን እንኳ ግማሹ ለእኔ ብዙ ነው። ስካነሩ 600 ዲፒአይ ያነባል፣ በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ማለት ነው። ሻጩ ሌላውን ማሽን እያሳየ «ይሄ እኮ 4800 ነው» ሲለኝ ቤት ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት፦ አባዬ የጻፈበት የደብተር ገጽ የኤ4 ግማሽ ነው። ቁመቱንም ወርዱንም እጥፍ ሳደርገው አንዱ ገጽ ሁለት ኤ4 ይሆናል። በ600 አንብቤ እጥፍ ሳጎላው 300 ላይ ያርፋል፣ ለዓይን 300 ከበቂ በላይ ነው። ደብዳቤዎቹ በጠቅላላ 74 ገጽ ናቸው፣ ስለዚህ 148 ወረቀት። አንድ ደስጣ 500 ወረቀት አለው፤ ቢበላሽብኝም ይተርፈኛል። ታዲያ ለማላየው ቁጥር ለምን እከፍላለሁ? ተሳስቻለሁ እንዴ?

ሁለተኛው ስካነሩን ለብቻ፣ ፕሪንተሩን ለብቻ መግዛት ነው። የካኖን ላይድ 300 የምትባል ስስ ስካነር አለች፤ የምትሠራው ከላፕቶፑ በዩኤስቢ በምታገኘው መብራት ብቻ ነው። እዚህ መብራት እንዴት እንደሚጫወትብን ታውቂያለሽ፤ ቢጠፋም ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ሥራዬ አይቋረጥም። ከእሷ ጋር ያገለገለ ጥቁርና ነጭ ሌዘር እገዛለሁ ማለት ነው። ሌዘሩ ዱቄቱን በሙቀት ወረቀቱ ላይ ስለሚያቀልጠው ውሃ ቢነካው አይፈስም፤ ሦስት ወር ዘግቼው ብከፍተውም ያትማል። ባለ ታንኩ ግን ቶሎ ቶሎ ካልሠራ የሚረጭበት ቀዳዳ ይደርቃል ይሉኛል፣ በሳምንት አንድ ባለ ቀለም ገጽ ብታትሚ ይበቃል የሚሉም አሉ። በሌላ በኩል ሌዘሩ ለሙቀቱ በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ይስባል፤ የጎረቤቴ ልጅ ትንሿ ዩፒኤስ ላይ፣ መብራት ሲጠፋ በምትይዘው ባትሪ ላይ ማለቴ ነው፣ ሰክቶት እንደጮኸችበት ነግሮኛል። ባለ ታንኩ ሲያትም 20 ዋት እንኳ አይሞላም።

የርካሾቹን ነገር ተይው። ትንሿን ካርትሪጅ የሚጎርሱት፣ ማሽኑን በአነስተኛ ዋጋ ሸጠው ቀለሙን እንደ ወርቅ የሚያስከፍሉት ማለቴ ነው። እህቴ አንዱን ገዝታ ሁለተኛውን ካርትሪጅ ስትጠይቅ የሰማችው ዋጋ አስደንግጧት ማሽኑ ዛሬ የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ፣ ሁሉም ዕቃ የወጣበት መሰላል አንቺም ጋ ያው ነው፤ የሚያልቀውን ነገር አስቦ መግዛት ይሻላል።

አባዬን ጠየቅሁት። «ቀለሙ ይታያል ወይ?» ነው ያለኝ። በሰማያዊ ቢክ ነው የጻፈው፤ ሰማያዊ ሆኖ ካላየው የራሱ እጅ አይመስለውም። እሱን ስሰማ ልቤ ወደ ባለ ታንኩ አዘነበለ። ግን እዚህ አቧራው... መንገዱ ገና አልተነጠፈም፣ መስኮት ከከፈትኩ ጠረጴዛው ላይ በጣት መጻፍ ይቻላል። መስታወቱ ላይ ያረፈች አንዲት ብናኝ በምስሉ ላይ ነጥብ ሆና እንደምትወጣ አንቺ ነሽ ድሮ ያሳየሽኝ። በምን ሸፍኜ ላስቀምጠው? ደግሞ ወረቀቱ በጣም ስስ ነው፣ የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት ያሳልፋል። ከኋላው ጥቁር ወረቀት ብታስደግፊ ይጠፋል ብለሽኝ ነበር አይደል? ወይስ ሌላ ሰው ነው ያለኝ? ያገለገለውን ሌዘር ከወሰድኩስ፣ ስንት ገጽ እንዳተመ ራሱ የሚያወጣውን ገጽ አሳትመሽ እዪ ይላሉ፤ ስንት ሲሆን ነው «ተይው» የምትይኝ?

እህት ዓለሜ፣ ስለ ማሽን ይህን ያህል የጻፍኩት አንድ ሌላ ነገር ለመጻፍ እጄ እያፈገፈገ ነው።

ፖስታዎቹ ላይ ያለው ስም የእማዬ አይደለም። የእናትሽ ነው።

ሠላሳ አንዱም። አያቴን ታውቂው የለም፤ ለሴት ልጁ ከወንድ ደብዳቤ መጣ ቢባል ምን ይሆን እንደነበር። ለካ አባዬ የሚልከው በእናትሽ ስም፣ በአባቷ መሥሪያ ቤት ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበር። እናትሽ ተቀብላ፣ በደብተሯ መሃል ደብቃ ለእማዬ ታደርሳለች። አባዬን ስጠይቀው «እሷ ባትኖር አንቺም አትኖሪም ነበር» አለኝና ዝም አለ። እኔ ደግሞ ለአርባዋ ያልሄድኩ ሰው ነኝ። ለሱ አልነገርኩትም። የሄድኩ ነው የሚመስለው።

ሌላም አለ። ከየፖስታው ጀርባ በእርሳስ፣ በጣም ስስ ሆኖ፣ «አልከፈትኩትም» የሚል ተጽፏል። በስሟ የመጣ ፖስታ ነውና እማዬ እንዳትጠራጠር ነው መሰለኝ። በኮፒ ቤቱ ኮፒ ላይ ባዶ ነጭ ሆኖ ነው የወጣው፤ እርሳሱን ጨርሶ አላነሳውም። ለዚህም ነው በቀለም የሚያነብ ስካነር የምፈልገው፤ በጥቁርና ነጭ ብቻ ካነሳሁት የእናትሽ እጅ ይጠፋል። አሥራ አራተኛው ላይ ግን ጽሑፉ ይለያል። «ይህችን ተሳስቼ ከፈትኳት። ማሪኝ።» ይላል። «ማሪኝ» የሚለውን ሁለቴ አስምራበታለች።

የእሷ የእጅ ጽሑፍ ይሁን አይሁን አንቺ ነሽ የምታውቂው። «ማ»ዋን እግሯን ወደ ግራ ጠምዘዝ ታደርጋታለች። ትዝ ይልሻል?

ኮፒውን አትሜ ልልክልሽ አስቤ ነበር። ከዚያ ዋናው ፖስታ ያንቺ ነው ብዬ አሰብኩ፣ ስሟ ያለበት እኮ ነው። ለሰው አደራ ልሰጠው አልደፈርኩም። ከፈቀድሽልኝ ራሴ ይዤው ልምጣ፤ የሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ላይ እህቴ አባዬ ጋ ልታድር ትችላለች። አትምጪ ካልሽኝም አልቀየምም።

የማሽኑን ነገር ግን እስከ ቅዳሜ ማታ ንገሪኝ። ባለ ታንኩ ወይስ ሁለቱን ለየብቻ?

አባዬ ሰላም ብሎሻል። ደብዳቤ እየጻፍኩልሽ እንደሆነ ሲሰማ «ስለ ፖስታው ነግረሻታል?» አለኝ። ነግሬያታለሁ ልበለው።

ያንቺው