ደብዳቤ ለልጄ፦ መርፌሽን እንዳታቋርጪ

ሀያቴ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

ሰላምታው ይቆይ። መርፌሽን እንዳታቋርጪ። ይህን ካነበብሽ ሌላውን ማታ ታነቢዋለሽ።

አክስትሽ ዘሃራ ትናንት ደወለች። ካንቺ ዘንድ ባደረች ጊዜ የጠዋቱን የኢንሱሊን መርፌ ትተሽ፣ "ስኳር ያድናል" ተብሎ በቴሌግራም ያዘዝሽውን ዱቄት በሙቅ ውሃ ጠጥተሽ ወጣሽ አለችኝ። እሷን እንዳትቆጫት። ድምፅዋ ልክ ስላልነበር አስጨንቄ ያወጣጣኋት እኔ ነኝ። እናትሽ አልሰማችም። እስከ ዓርብ ካልደወልሽልኝ ግን እነግራታለሁ።

መርፌው እንደሰለቸሽ አውቃለሁ። ከ9 ዓመትሽ ጀምሮ በቀን ሁለቴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስወጋ የኖርኩ ድሬሰር፣ አንቺን ስወጋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለ ዱቄቱ ለዘሃራ የላክሽላትን ጽሑፍ አየሁት። የጎረቤታችን ልጅ፣ ፋርማሲስቷ፣ አብራኝ ቁጭ ብላ መነሻውን ፈለገችልኝ። አገኘችው። እንግሊዝኛው ውሸት አይደለም። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው ሰዎች በሐኪም ክትትል ብዙ ኪሎ ሲቀንሱ፣ አንዳንዶቹ ስኳራቸው ያለ መድኃኒት ተስተካክሎ ይቆያል ይላል። እውነት ነው። ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው ግን "ሁለተኛው ዓይነት" የሚለውን ጣለው። ከሥሩ የዱቄቱን ዋጋና የስልክ ቁጥር ጨመረ። ኪሎ ስለመቀነስ የተጻፈው ነገር ዱቄት መሸጫ ሆነ።

ያንቺ አንደኛው ዓይነት ነው ልጄ። ቆሽትሽ ኢንሱሊን አያመርትም። በምግብም በዱቄትም አይመለስም። በ1922 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን ተወጋ። ከዚያ በፊት እንዳንቺ ያሉ ልጆች ምግብ እየተከለከሉ፣ ከስተው፣ ቢበዛ በጥቂት ዓመት ያልቁ ነበር። መርፌሽን እንዳታቋርጪ።

"ገጹ የጥራት ምልክት አለው" ብለሻታል። ስለ ምልክቱም ጠየቅኩ። ሄልዝ ኦን ዘ ኔት የሚባል የጄኔቫ ድርጅት ነበር። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስምንት መመሪያ ለሚያከብሩ የጤና ገጾች ይሰጠው ነበር። ማን ጻፈው፣ መቼ ተጻፈ፣ መረጃው ከየት መጣ፣ ገንዘቡን ማን ከፈለ የሚሉ ነገሮች ናቸው። ድርጅቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። የምልክቱን ሥዕል ዛሬ ማንም ቀድቶ ይለጥፈዋል። ከስምንቱ አንዷን ግን ወደድኳት፦ መረጃው የሕመምተኛንና የሐኪምን ግንኙነት ይደግፍ እንጂ አይተካ ትላለች። ያንቺ ዱቄት ሻጭ "ለሐኪም አትንገሩ፣ ይከለክሏችኋል" ብሎ ጽፏል። እዚያ ላይ ስልኩን መዝጋት ነበረብሽ።

አጎትሽን ሰይድን የምታውቂው ሳሎን ባለው ፎቶ ብቻ ነው። ስለ አሟሟቱ የነገርኳችሁ ግማሹን ነው።

ለድሬሰርነት ስማር ኩታበር ሆኖ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀምሮ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው ስድስት ወር የሚበቃው ሕክምና ያኔ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅ ነበር። ደብዳቤ ጻፈልኝ። "መድኃኒቱ ጉበት ያቃጥላል ይሉኛል፣ ሳሉም ለቆኛል፣ ልተወው?" አለኝ። እኔም ዶርም ውስጥ አንድ ልጅ ስለ ጉበት ሲያወራ ሰምቼ ነበር። "ትንሽ አረፍ በል" ብዬ መለስኩለት። መጽሐፉ አልጋዬ ሥር ነበር ሀያቴ። አልገለጥኩትም። ጉበቱም ውሸት አልነበረም፤ አንዳንድ ሰው ላይ ይደርሳል፣ ሐኪም አይቶ ይቀይርለታል። ያልኩት ነገር ግማሽ እውነት ነበር። ሰይድ ነጭ ጋወን ስለምለብስ አመነኝ። ሳሉ ሲመለስ ከደም ጋር መጣ። ስመረቅ አልነበረም። እናቴ ምን እንደጻፍኩለት ሳታውቅ ሞተች። ለሰው ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ስሚኝ። ዱቄቱን አትጣይው፣ አትጠጪውም። ከነመያዣው ይዘሽ ነገ ጠዋት ሐኪምሽ ጋ ሂጂ፤ የዘለልሻቸውን ቀናት ሳትደብቂ ንገሪው። ለማካካስ ብለሽ መጠኑን በራስሽ እንዳትጨምሪ። ጥሙ ከበዛብሽ፣ ሽንት ካመላለሰሽ፣ ካስመለሰሽ ወይ ሆድሽን ከቆረጠሽ ግን ነገን አትጠብቂ፣ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ዘሃራን ቀስቅሻት፤ አትቀየምሽም።

የኢንሱሊኑ ብልቃጥ ፍሪዘር ውስጥ እንዳይገባ፤ በረዶ ከነካው አይሆንም።

አብሽሪ፣ አልተቆጣሁም። ተቆጥቻለሁም። እናትሽ ቋንጣና በሶ አዘጋጅታለች፣ ቅዳሜ በአውቶቡስ ይደርስሻል። በሶው ላይ ስኳር እንዳትጨምሪ። ሹራብሽም አብሮ አለ።

ዛሬ ማታ ተወግተሽ ስትጨርሺ ደውዪልኝ። ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ።

አባትሽ
ደሴ፣ ሆጤ