የአስትሮኖሚ ክበባችን ዘንድሮ እንጦጦ ወጣ

አሁንም "እናንተ ክበብ ውስጥ ምንድነው የምትሠሩት?" የሚለን ሰው ስላልጠፋ እዚሁ ልመልስ። የሳምንቱን ስብሰባ፣ የግድግዳ ጋዜጣውን፣ በካርቶን የሠራነውን የፀሐይ ሰዓት ብዙ አላወራበትም፣ ሁሉም በጊዜው ሄዷል፣ ፎቶው ላብራቶሪው በር ላይ ተለጥፏል። ከሚድ ኤግዛም በኋላ የተወሰኑ አባላት አቋርጠውብናል፣ የቀሩት ግን ጠንካሮች ናቸው።

ጥር ላይ እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ) ሄድን። ልጆቹ ተራራውን በየቀኑ በክፍል መስኮት ያዩታል፣ እዛ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች እንዳሉ ግን አብዛኞቹ አያውቁም ነበር። አዎ፣ ደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድ ያለው ሳልት የሚባለው ቴሌስኮፕ ከ91 መስታወቶች የተገጣጠመ፣ ወርዱ 11 ሜትር ገደማ የሆነ ግዙፍ ነው፣ ግን የኛ ልጆች ተሳፍረው የሚደርሱበት ይሄኛው ነው።

ያስጎበኘን ባለሙያ "ይሄ መስታወት ከዓይናችሁ ስንት እጥፍ ብርሃን የሚሰበስብ ይመስላችኋል?" ብሎ ጠየቀ። ሁሉም መቶ፣ ሺህ እያለ ሲጮህ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምተን የማናውቃት፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታሰላለች። የዓይን ብሌን ጨለማ ውስጥ 7 ሚሊሜትር ቢከፈት፣ መስታወቱ 1,000 ሚሊሜትር፣ አካፈለችና ስፋት ስለሆነ በራሱ አባዛችው፣ "ጋሼ፣ ከ20 ሺህ ይበልጣል" አለች። ባለሙያው ደብተሯን ተቀብሎ ስሌቱን ለሁሉም አሳየ። ፊዚክስ ሳስተምር እንደዛን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የቆጨኝ ግን አውቶቡስ የተፈቀደልን ለቀን ብቻ ስለነበር ልጆቹ በዛ ቴሌስኮፕ አንድ ኮከብ ሳያዩ መመለሳቸው ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ አብዛኛው ይታየናል፣ አውሮፓ ያለ ተማሪ ይሄን አያገኝም። ክረምት ደመና ነው፣ የአዲስ አበባ መብራትም ሰማዩን እያደበዘዘው ነው፣ ለትልቅ ቴሌስኮፕ የላሊበላ አካባቢ ተራሮች የተጠኑትም ሰማያቸው የተሻለ ጨለማ ስለሆነ ነው። ስለዚህ እንጦጦን በበጋው መጠቀም አለብን።

ለኳስ ቡድናችን በየዓመቱ ማሊያ ይገዛል፣ ይገዛላቸው፣ ይገባቸዋል። እኛ ጋ ያለው ግን ወላጅ የሰጠን አንድ ባይኖኩላር ብቻ ነው። ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት) የሚቀጥለው ዓመት በጀት ላይ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ውስጥ ጨረቃ በሌለበት ለአንድ ቅዳሜ ማታ አውቶቡስ ይያዝልን፣ ፈቃዱን እኛ እንጠይቃለን። አብራችሁን ማምሸት የምትችሉ ወላጆች ስማችሁን ፊዚክስ ዲፓርትመንት አስመዝግቡ።